ከካርታ እስከ መጠቀሚያ ፈቃድ፦ የአዲስ አበባ የግንባታ ፈቃድ አሰጣጥ ታሪክ

በአዲስ አበባ አንድ ሕንፃ ከመነሣቱ በፊት የከተማው አስተዳደር የሚያደርገው ምርመራ በሁለት ጥያቄዎች ይከፈላል። የመጀመሪያው መሬቱን የሚመለከት ነው፤ ቦታው በማን ስም ተመዘገበ፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመደበ? ሁለተኛው ሕንፃውን ይመለከታል፤ ስንት ፎቅ ይኖረዋል፣ መሠረቱ ጭነቱን ይችላል ወይ፣ ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል ይርቃል፣ እሳት ቢነሣ ሰው በየት በኩል ይወጣል? ይህን ሥራ የሚሠራው ተቋም ስሙንና ቢሮውን ሲለዋውጥ ቢኖርም አንድ ጠባይ አልለቀቀውም፤ የመሬቱ ጥያቄ ሁልጊዜ ከሕንፃው ጥያቄ ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜም ይውጠዋል። ሕንፃን በሕንፃነቱ የሚመረምር አገር አቀፍ አዋጅ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማዋ ያን ጊዜ ከተቆረቆረች 120 ዓመት አልፏት ነበር።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው ግቢያቸውን በኮረብታው ላይ ሲያቀኑ፣ መሬት የሚያድለውም ሆነ የሚነሣው ቤተ መንግሥቱ ነበር። መኳንንቱ በዘመቻ ጊዜ በንጉሡ ድንኳን ዙሪያ እንደሚሰፍሩት ሁሉ በግቢው ዙሪያ እየተራራቁ ቦታ ተሰጣቸው። የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እየተባሉ የቀሩት አካባቢዎች የዚያ ድልድል ውጤቶች ናቸው። የእጅ ባለሙያዎቹም ለብቻቸው ሰፈሩ፤ ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ቦታ የተቀበለው ሹም በክልሉ ውስጥ ማን የት ጎጆ እንደሚቀልስ፣ አጥሩ እስከ የት እንደሚደርስ፣ የአሽከሩ ቤት ከእልፍኙ በየት በኩል እንደሚሆን ራሱ ይወስናል። የሚጠይቀው የለም። በሰፈሮቹ መካከል ወንዝ፣ ገደልና ባዶ ሜዳ ይቀር ስለነበር አንዱ የሚሠራው ሌላውን አያውክም ነበር። ክፍተቱ የተሞላው ከጊዜ በኋላ ነው፤ ባለጸጋውና ድኻው ጎን ለጎን የሚኖሩበት የከተማዋ መልክም ከዚሁ የመነጨ ነው።

ለመሆኑ ከተማዋ ትቆያለች ወይ? ይህ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርግጠኛ አልነበረም። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት እያለቀ ሲሄድ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ በፍጥነት መብቀሉና በብዛት መተከሉ፣ በአዲስ አበባ የተሠሩት ቤቶችና ሌጋሲዮኖችም መበርከታቸው ሐሳቡን አስቀየራቸው። መዲናዋ እንደማትነቀል ሲታወቅ መሬቱ ዋጋ አወጣ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የምኒልክ የቦታ ደንብ በከተማው ውስጥ ያለ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ በር ከፈተ። ሽያጭ ሲመጣ ልኬት፣ ልኬት ሲመጣ የወሰን ክርክር ተከተለ፤ ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱ የመጀመሪያ ሥራ ቦታ መለካት፣ በመዝገብ ማስፈርና ክርክር መስማት ሆነ። ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዘውዲቱ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱን ከመሩት መካከል ናቸው። በዚያ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ ስለ መንገድ፣ ስለ ገበያና ስለ ጽዳት ያስብ ነበር እንጂ የቤትን ንድፍ ተቀብሎ የሚመረምርበት ወግ ገና አልነበረውም። ቤት የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው የቦታው ወረቀት፣ አናጢና ጭቃ የሚያቦካ ጉልበት ነበር።

በወረቀት ላይ የተሣለ ካርታ ማን የት መሥራት እንደሚችል ሲወስን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ስለ ከተማዋ የሚነደፈው ፕላን የፋሺስት መንግሥት መታያ ጉዳይ ሆነ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እንኳ ሳይጋበዝ ነባሩን ከተማ ከቁጥር ያላስገባ ንድፍ ሥሎ ነበር፤ ተግባር ላይ አልዋለም። ሥራው የተሰጠው ለኢኛሲዮ ጉዊዲና ለቼዛሬ ቫሌ ነው። የእነርሱ ፕላን ዋና ቁም ነገር መለያየት ነበር፤ ጣልያኑ በአንድ ወገን፣ ሐበሻው በሌላ ወገን እንዲኖር ከተማዋ ተከፈለች። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለው ሆነ፤ ዙሪያው አዲስ ከተማ ተብሎ ለአገሬው ሰው ቀጥ ባሉ መንገዶች ተሸነሸነ። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣልያን ድርጅት ቤቶቹን ያቆመበት ቦታ ካዛንቺስ የሚለውን ስም ከድርጅቱ ወሰደ። ወረራው 5 ዓመት ብቻ ስለቆየ የፕላኑ አብዛኛው ክፍል ወረቀት ላይ ቀርቷል። የሆነ ሆኖ የመሬት አጠቃቀም ክልል የሚባለው አሠራር ወደ አዲስ አበባ የገባው በዘር መለያ መልክ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም።

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን ከሌሎቹ ከተሞች ለይቶ ሥልጣን ሰጣቸው። ማዘጋጃ ቤቱ የምሕንድስና ክፍል አቋቋመ፤ ቪላ፣ ሆቴል ወይም ባለ ፎቅ መሥራት የሚፈልግ ሰው ንድፉን አቅርቦ ማስፈቀድ ጀመረ። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ ለንደንን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ መልሶ ለመገንባት ፕላን ያወጡት ሰው፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለአዲስ አበባም ማስተር ፕላን አዘጋጁ። ቀለበት መንገዶች፣ በሰፈር በሰፈር የተደራጁ መኖሪያዎችና በዋናዋ ከተማ ዙሪያ የሚተከሉ አነስተኛ ከተሞች ነበሩበት። ቀጥሎ ቦልተን ሄነሲ የተባለው ድርጅት ከለሰው፤ በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ባቡር ጣቢያው የሚወርደውን ዐቢይ መስመር አጎላው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የተጠናቀቀው በዚያው ሰሞን ነበር። ከአዲሱ ሕንፃ ቁልቁል የሚታየው ጎዳና የፕላን ሥራ ከተማውን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ከጎዳናው ጀርባ ያሉት ሰፈሮች ግን ሌላ ታሪክ ይነግራሉ።

ምክንያቱ መሬቱ በጥቂት ባለርስቶች እጅ መሆኑ ነው። ሰፊ ቦታ ያለው ባለርስት መሬቱን እየቆራረጠ ያከራያል፤ ተከራዩ የጭቃ ቤት ይሠራበታል ወይም ባለርስቱ ራሱ ደርድሮ እየሠራ በክፍል ያከራያል። እንዲህ ያለው ቤት ወደ ምሕንድስና ክፍል አይደርስም፤ ፕላንም የለው፣ ማመልከቻም የለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብረት፣ ስለ ጎረቤት መብትና ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ካሳ ተከፍሎ መሬት ስለሚወሰድበት ሥርዓት በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ይሁንና ማዘጋጃ ቤቱ ፕላኑን ለማስፈጸም መሬት መግዛት ወይም ካሳ መክፈል ነበረበት፤ ገንዘቡ ደግሞ አልነበረም። ባለርስቶቹም በመንግሥቱ ውስጥ ድምፅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የንጉሡ ዘመን ፈቃድ አሰጣጥ ለዋና ጎዳናዎች ፊት የሚጠነቀቅ፣ ከጀርባ ያለውን ብዙኃን የማያይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ገለበጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለተወረሰው ቤት ካሳ እንደሚከፈል ሲጠቀስ ለመሬቱ ግን ካሳ አልተፈቀደለትም። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ማዘጋጃ ቤቱ መሬት የሚገዛበት ችግር ተወገደ፤ ፕላን አውጪው የሚመኘው መሬት ሁሉ በእጁ ገባ። የጎደለው ቤት የሚሠራ ሰው ነበር። ማከራየት ስለተከለከለ ለኪራይ ብሎ የሚገነባ ጠፋ፤ የቀሩት ገንቢዎች መንግሥት፣ የቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለራሱ መኖሪያ ለመሥራት አቅም ያለው ግለሰብ ነበሩ።

የምርመራው ሥልጣን በዚህ ጊዜ ወደ ታች ወረደ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ በመንደሩ ውስጥ ለሚደረግ ጥቃቅን ሥራ ሁሉ የሚጠየቅ አካል ሆነ፤ አጥር ለመለወጥ፣ ኩሽና ለማስፋት፣ ሽንት ቤት ለመቆፈር የቀበሌው ሊቀ መንበር ማወቅ አለበት። የቀበሌ ቤት ተከራይ ጣሪያው ቢያፈስበት በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ ለመቀየርም ቢሆን ደብዳቤ ማጻፍ ነበረበት። አከራዩ ቀበሌ በወር ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ቤቱን ሊጠግን አይችልም፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን ገንዘብ አፈሳለሁ ይላል። እንደዚያም ሆኖ ቤተሰብ ሲበዛ ከጀርባ አንድ ክፍል ይቀጠላል፣ ከጎን ደግሞ ሌላ። ቅጥያው ፈቃድ የለውም፤ የሚያፈርሰውም የለም። የመሀል ከተማው ቤት እያረጀ የሄደበትን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ከማስተር ፕላኖቹ ይልቅ በእነዚህ ቅጥያ ክፍሎች ውስጥ ያገኘዋል።

በዘመኑ ፕላን አልጠፋም። ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ አዘጋጁ፤ ከ1976 እስከ 1978 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የጣልያን ባለሙያዎች በጋራ የሠሩት ማስተር ፕላን ወጣ። ይህኛው እስከዚያ ከተሠሩት ሁሉ በጥናት የበለጸገ ነበር፤ ከተማዋን ከዙሪያዋ ገጠር ጋር አያይዞ ያየ፣ የየአካባቢውን የመሬት አጠቃቀም ለይቶ ያሰፈረ ነው። በሕግ የጸደቀው ግን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነበር። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የምሕንድስና ሠራተኞች ያልጸደቀ ፕላን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ፈቃድ ይሰጡ ነበር።

የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ሲጀመር የፈቃዱ ባሕርይ ሌላ መልክ ያዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ ስለዚህ ለጨረታ የሚቀርበው ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። የሊዝ ውል ሲፈረም ቦታው ለምን እንደሚውል፣ ግንባታው መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በውሉ ውስጥ ይሰፍራል። ቀድሞ በፕላን ወይም በደንብ የሚወሰነው ነገር የሁለት ወገን ስምምነት አካል ሆነ ማለት ነው። ከተማው በአንድ በኩል መርማሪ፣ በሌላ በኩል ከመሬቱ ገንዘብ የሚያገኝ አከራይ ነው። ሁለቱ ሚናዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጉዳይ ነው። አዋጁ በ1994 ዓ.ም. በቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቁጥር 721 ተተካ። የመጨረሻው አዋጅ መሬት የሚሰጥባቸውን መንገዶች ጨረታና ምደባ በሚሉ ሁለት ብቻ ወሰነ፤ ነባር ይዞታም ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አደረገ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ተቋሙ ራሱ ተበተነ፣ ተገጣጠመም። የማስተር ፕላን ክለሳ ጽሕፈት ቤት አዲስ መዋቅራዊ ፕላን አዘጋጀ፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በአዲስ ቻርተር በ10 ክፍለ ከተሞች ተከፈለች። በአንድ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ይንጋጋ የነበረው ባለጉዳይ ወደየክፍለ ከተማው ተሠራጨ። ለባለጉዳዩ መንገዱ አጠረለት፤ በአንጻሩ አንዱ ክፍለ ከተማ የፈቀደውን ሌላው የሚከለክልበት፣ ሕጉን በየፊናው የመተርጎም ልማድም ተፈጠረ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሡት ኮንዶሚኒየሞች ለዚህ አሠራር ልዩ ፈተና ነበሩ። አንድ ዓይነት ንድፍ በብዙ ሳይቶች ይደገማል፤ አስገንቢው መንግሥት፣ ፈቃጁ መንግሥት፣ ተቆጣጣሪውም መንግሥት ነው። አብዛኞቹ ጂ+4 (ምድር ቤትና ከላዩ 4 ፎቅ) የሆኑትም ያለ አሳንሰር በእግር የሚወጣው ከፍታ እስከዚያ ድረስ ነው በሚል ስሌት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574፣ በዓመቱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ታወጁ። የመጀመሪያው የፕላን ዓይነቶችን በደረጃ አስቀመጠ፤ መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን አጠቃላይ አቅጣጫ ለ10 ዓመት ያሳያል፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ በአንድ ሰፈር ውስጥ የመንገዱን ስፋት፣ የሕንፃውን ከፍታና የቦታውን አገልግሎት ይዘረዝራል። ሁለተኛው የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ ሾመ፤ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚከለክለው፣ ሥራ የሚያስቆመውና አደገኛ ሕንፃ እንዲፈርስ የሚያዘው እርሱ ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለይግባኝ ሰሚ ቦርድ ያመለክታል። ከዚህ አዋጅ በፊት ባለጉዳይ አቤት የሚለው ውሳኔውን በሰጠው መሥሪያ ቤት አለቃ ዘንድ ስለነበር ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ምድብ «ሀ» ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በኮንክሪት፣ በብረት ወይም በሌላ ስትራክቸራል ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ ወይም ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ነው። ምድብ «ለ» ከዚያ የሚሰፋውን ወይም ሁለት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነውን ይይዛል። የሕዝብ መገልገያ፣ የተቋም ሕንፃ፣ ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ማናቸውም ሕንፃም ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ባለሙያና የሚደረገው ክትትል ይጨምራል። የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ የሚያስገድደው ድንጋጌም በዚሁ አዋጅ ውስጥ ነው፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ በተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች መግቢያ ላይ የሚታየው ቀጥ ያለ ደረጃ ወይም ዊልቸር የማይወጣው ዳገታም ራምፕ ግን ድንጋጌው በንድፍ ላይ ብቻ እንደሚነበብ ይመሰክራል።

በአሠራሩ አንድ የጂ+4 ቅይጥ ሕንፃ ፋይል የሚሄድበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል። ፋይሉ የሚከፈተው በይዞታ ማረጋገጫው፣ በሰው አፍ «ካርታ» በሚባለው ወረቀት ነው። ካርታው ከሌለ የንድፉ ጥራት አይታይም። ካርታ ያለው ሰው የፕላን ስምምነት ይጠይቃል፤ ቀያሽ ወርዶ የቦታውን ማዕዘኖች ይለካል፣ መሬት ላይ ያለው አጥርና በካርታው ላይ ያለው መስመር ይመሳከራሉ። ብዙ ጉዳይ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው፤ አጥሩ በአንድ ወገን ወደ ጎረቤት ገብቶ ይገኛል፣ አለዚያም በፕላኑ ላይ የሚሰፋ መንገድ ከቦታው ፊት ለፊት ጥቂት ሜትሮች ይቆርጥበታል። የፕላን ስምምነቱ ሲወጣ የሚፈቀደው አገልግሎት፣ የከፍታው ወሰንና ከመንገድ የሚተወው ርቀት ተጽፎበት ይሰጣል። በቦሌ አካባቢ ደግሞ ለአውሮፕላን ማረፊያው ሲባል ከፍታው ይገደባል።

ከዚያ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ንድፎች ፈቃድ ባላቸው ባለሙያዎች ተፈርመውና ታትመው ይገባሉ፤ የአፈር ምርመራ ውጤትም ይያያዛል። የከተማው መርማሪ አርክቴክት የመኪና ማቆሚያውን፣ የደረጃውን ስፋት፣ ወደ ጎረቤት የሚመለከተውን መስኮት ያያል፤ የስትራክቸር መርማሪው የምሰሶና የአግዳሚ ስሌቱን። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ስላለች ስሌቱ የመሬት መንቀጥቀጥን መቁጠር አለበት፤ በ1987 ዓ.ም. በወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮዶች ውስጥ አንደኛው ለዚሁ ብቻ የተመደበ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ ሲሰማ፣ ብዙ ነዋሪ ስለዚህ ኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ክትትሉ በየደረጃው ይቀጥላል፤ መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ ብረቱ ታስሮ ወለሉ ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪ እንዲያይ ይጠራል፣ የኮንክሪት ናሙናም በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ይፈተሻል። ሥራው ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣል።

የመጠቀሚያ ፈቃዱ የሥርዓቱ ደካማ ጫፍ ነው። በከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚያልፍ ሰው ምድር ቤቱ ካፌ ወይም ባንክ ሆኖ ተከፍቶ፣ ላይኛዎቹ ወለሎች በባሕር ዛፍ መወጣጫ እንደታሰሩ የቆሙ ሕንፃዎችን በየጊዜው ያያል። ባለቤቱ የባንክ ብድሩን ለመክፈል ኪራይ ይፈልጋል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ሰው የገባበትን ሕንፃ ባዶ ለማድረግ ድፍረቱም አቅሙም የለውም።

ካርታ የሌለው ሰው ታሪክ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። በሌሊት ተሠርተው ጎሕ ሲቀድ ቆመው የሚገኙት ጨረቃ ቤቶች፣ በከተማዋ ዳርቻ ከገበሬ በውል የተገዙ ቦታዎች፣ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለ ሰነድ የቆዩ ይዞታዎች በብዛት አሉ። ከተማው እነዚህን ለመለየት የያዘው መሣሪያ የአየር ፎቶ ነው። ቤቱ በ1988 ዓ.ም. ካርታ ላይ ይታያል ወይ፣ በ1997ቱ ላይስ? መልሱ ባለቤቱ ካርታ እንዲያገኝ ወይም ቤቱ እንዲፈርስ ይወስናል። የዛፍ ጥላ የሸፈነው ጣሪያ በፎቶው ላይ ስላልታየ ብቻ የሚነሣ ክርክር አለ፤ የመብራት ውልና የቤት ግብር ደረሰኝ የሚቆጠሩት ያኔ ነው። የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 በ2006 ዓ.ም. የወጣው ይዞታን ሁሉ በካዳስተር በማስፈር ይህን ዓይነቱን ክርክር ለማስቀረት ነበር።

ሙሉ ሰፈርን ስለሚለውጥ ፕሮጀክት የሚደረገው ምርመራ ከአንድ ሕንፃ ፋይል የተለየ ነው። የፕላን አዋጁ የአካባቢ ልማት ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲወያይበት ያዝዛል። በልደታና በሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮች መልሶ ማልማት ሲጀመር ስብሰባዎች ተጠርተው ነበር፤ በአመዛኙ የሚነሣው ጥያቄ ግን ስለ ሕንፃው ከፍታ ወይም ስለ መንገዱ ስፋት ሳይሆን የት እንሄዳለን፣ ስንት ይከፈለናል የሚል ነበር። የፕላኑ ውይይት የካሳ ድርድር ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ካሳን ከሞላ ጎደል በሠፈረው ንብረት ላይ ወስኖ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ያለ ባለይዞታ በግልም ሆነ በቡድን በፕላኑ መሠረት ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዳለው ደነገገ። መብቱ ለነዋሪው ትልቅ እርምጃ ነው፤ ችግሩ ፕላኑ ከዚህ ያነሰ አይሠራም የሚል የከፍታ ወሰን በሚያስቀምጥበት ቦታ ያንን ፎቅ ለማቆም የሚበቃ ገንዘብ ያለው ነባር ባለይዞታ ጥቂት መሆኑ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ባለይዞታ ስላልሆነ ቅድሚያው አይመለከተውም።

የከተማዋ ወሰን ራሱ የምርመራ ጉዳይ የሆነበት ጊዜም አለ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ከፍተኛ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ ተቃውሞው ዳግም ተስፋፍቶ የሰው ሕይወት ከጠፋበት በኋላ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በምትኩ ከተማዋ በራሷ ወሰን ውስጥ የሚጸና የ10 ዓመት መዋቅራዊ ፕላን ያዘች። ፕላኑ ዋና ማዕከሎችንና የልማት መስመሮችን ለይቶ በእነዚህ ላይ ሕንፃ ከፍ እንዲል ያበረታታል፤ የወንዝ ዳርቻዎችንና አረንጓዴ ቦታዎችን ከግንባታ ያስጠብቃል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆና ስትጨመር አዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የራሳቸውን ቢሮ አገኙ።

በአሁኑ አደረጃጀት ሥራው በሦስት መሥሪያ ቤቶች መካከል ተከፋፍሏል። መሬት የሚያቀርበው የመሬት ልማትና አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ፕላኑን የሚያዘጋጀው የፕላንና ልማት ቢሮ፤ ንድፍ መርምሮ የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን። ከግንባታ ደንብ የወጣውን የሚያስቆመውና የሚያፈርሰው ደንብ ማስከበር ደግሞ ከእነርሱ ጋር ይሠራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ ከዚያም በካዛንቺስ የተካሄደው የኮሪደር ልማት ግን ይህን ክፍፍል ወደ ጎን ትቶ በከተማው አስተዳደር ቀጥተኛ አመራር የሚከናወን ሥራ ሆኗል፤ አንድ ሰፈር ከተነገረው ቀን እስከሚፈርስበት ያለው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠርበት አጋጣሚ ታይቷል። በመንገዶቹ ዳር የቀሩት ሕንፃዎች ባለቤቶች ፊታቸውን እንዲያድሱና ቀለማቸውን እንዲያስተካክሉ ታዘዋል። የሕንፃ መልክም የከተማው ጉዳይ ሆኗል።

አሁን ያለው መዋቅራዊ ፕላን ዘመን በ2019 ዓ.ም. ያበቃል። ተተኪው እስኪጸድቅ ድረስ በክፍለ ከተሞቹ የሚሰጠው የፕላን ስምምነት በዚሁ ፕላንና በእርሱ ሥር በወጡት የአካባቢ ልማት ፕላኖች ላይ ይመሠረታል።